ያልተነገረው የማፓቴ ንግግር

ፕሮፌሰር ማፓቴ ንጃይ ምሳ ቀርቦ ቢጠሩ ድምፃቸው ጠፋ። የቤቱ ባለቤት ፌሊክስ ፕሬራ ሊያያቸው ሲሄድ ከጠባቡ የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተንጋለው አገኛቸው። ከጆሯቸው ኋላ ደም ረግቷል።

ከዳካር ወደ ጎሬ ደሴት የሚያሻግረው ጀልባ ባሕሩ ስለተቆጣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ከዋናው መሬት ሐኪምም ሆነ አለቃ ሊመጣ አይችልም። ያለችው የደሴቲቱ ፖሊስ ኢንስፔክተር ያንዴ ሴን ብቻ ናት። ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

«ማንም አይወጣም» አለች።

«ወጥቶስ የት ይደርሳል?» አለ ፌሊክስ። «ዙሪያው ባሕር ነው።»

መስኮቶቹ የማዕበሉን ርጭት ለመከላከል ተዘግተዋል። የሩዝና የዓሳ ሽታ ሳሎኑን ሞልቶታል፤ አየር የለም። ማፓቴ ከሰዓት በኋላ ሊያደርጉት ለነበረው ንግግር የተሰባሰቡ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ፌሊክስ የመጻሕፍት አሳታሚ ነው። ዶክተር ኢብራ ቻም የሟቹ ተማሪ የነበረ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር፣ ክራባቱን ያጠበቀ ሰው ነው። ሦስተኛዋ እማማ ኡሊማታ ካ ናቸው። ከሰላሳ ዓመት በፊት በአገሩ የጋራ ቋንቋ በወሎፍኛ ልቦለድ ቢያሳትሙ፣ ያን ጊዜ ገናና ሐያሲ የነበሩት ማፓቴ «የመንደር ወሬ ነው፤ በዚህ ቋንቋ ልቦለድ አይጻፍም» ብለው ጻፉ። መጽሐፉ እዚያው ሞተ። ኡሊማታም ሁለተኛ አላሳተሙ።

«አንቺ ሴሬር፣ የሩዙ ሽታ ነው የጠራሽ?» አሉ ኡሊማታ።

የሴሬርና የፉላኒ ብሔረሰብ ሰዎች ሲገናኙ በቀልድ መላከፍ ወጋቸው ነው። ያንዴም «ፉላኒ ያበሰለውን ማን ደፍሮ ይበላል፣ እማማ?» አለች።

«ኢብራ እንኳ ጠዋት በነጭ ጀለቢያ ነበር» ቀጠሉ ኡሊማታ። «ለፖሊስ ብሎ ሙሽራ ሆነ።»

ኢብራ ክራባቱን አስተካከለ።

ያንዴ ወደ ማፓቴ ክፍል ወጣች። ወንበሩ ወድቋል። የጠረጴዛው የብረት ጠርዝ አንዱ ማዕዘን ብቻ ከአቧራ ጸድቷል። መነጽራቸው ከጠረጴዛው ሥር ተሰንጥቆ ተኝቷል።

«ያለ መነጽር ደረጃ ይወርዱ ነበር?» ብላ ከላይ ተጣራች።

«ያለ መነጽር አፍንጫቸውንም አያገኙ!» አለ ፌሊክስ ከታች።

አልወደቁማ፣ አለች ያንዴ በልቧ። እዚህ ሞተው ነው የወረዱት።

ወርዳ አንድ በአንድ ወደ መመገቢያ ክፍሉ አስገባቻቸው። ቃላቸውን በወሎፍኛ ትሰማለች፣ በፈረንሳይኛ ትጽፋለች። ሁልጊዜም መሃል ላይ አንድ ነገር የሚወድቅባት ይመስላታል፤ ዛሬ ደግሞ የተዘጋው ቤት አፈናት።

ኢብራ ቀድሞ ገባ። «ፌሊክስ ስለ ጀልባው ሊጠይቅ ወደብ ወርዶ ነበር» አለ። «እኔም ልከተለው ስወጣ በፕሮፌሰሩ በር አለፍኩ። የከሰዓቱን ንግግር ጮክ ብለው ይለማመዳሉ። ያ ፈረንሳይኛቸው፣ ኢንስፔክተር! እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። ቆሜ ሰማኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«ወደብ ሄድኩ። ከፌሊክስ ጋር ተመለስን፤ ይጠይቁት።»

«ቤት ማን ቀረ?»

ዓይኑን ሰበረ። «እማማ ኡሊማታ ብቻ፤ ጓዳ ምሳ ያበስሉ ነበር። ቂም ደግሞ… እርስዎ ያውቁታል።»

ፌሊክስ መስክሮለታል። «መጣ፤ ላብ አጥምቆት ነበር። እሱ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ከጀልባ ሠራተኞቹ ጋር ነበርኩ፣ እነሱም ይነግሩሻል።»

«ፕሮፌሰሩ ጠዋት ምን አሉህ?»

«ወደብ ልወርድ ስል፣ ከወሎፍኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚያስተረጉም ሰው ፈልግልኝ አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጀልባው ነበር ያሳሰበኝ።»

ያንዴ መጻፏን አቆመች። ኡሊማታን አስጠራች።

«ይጠሏቸው ነበር?»

«ሃያ ዓመት ጠላሁት። ከዚያ ሰለቸኝ።»

«ሰሞኑንስ?»

«ቃል አለብኝ፣ ልጄ። አትጠይቂኝ።»

ያንዴ ጓዳውን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ጓሮውን ፈተሸች። ከዚያ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበች።

«ፕሮፌሰሩ ክፍላቸው ውስጥ ነው የሞቱት» አለች። «አንድ ሰው ገፋቸው፤ ጭንቅላታቸው የጠረጴዛውን ብረት መታ። ያ ሰው አስከሬኑን ተሸክሞ አወረደ። እማማ ኡሊማታ የሩዝ ድስቱን እንኳ ከእሳት የሚያወርዱት በሰው እርዳታ ነው፤ አስከሬን ሊሸከሙ አይችሉም። ፌሊክስ ወደብ ሲወርድ ፕሮፌሰሩ አስተርጓሚ እንዲፈልግ አዘውታል፤ ከዚያ በኋላ ከወደብ አልተንቀሳቀሰም።»

«እኔም ስወጣ በሕይወት ነበሩ አልኩ እኮ!» አለ ኢብራ።

«በፈረንሳይኛ ሲለማመዱ ሰማህ። አስተርጓሚ የሚፈልግ ሰው በየትኛው ቋንቋ ሊናገር ነበር? እማማ፣ አሁን የሚጠብቁት ቃል ገዳዩን ነው የሚሸሽገው።»

ኡሊማታ ወደ ደረጃው ዞረው አዩ። «በወሎፍኛ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሰላሳ ዓመት ሙሉ ስለ መጽሐፌ የተናገረው ስሕተት መሆኑን ሊናገር ነበር፣ በገዛ ቋንቋችን። ምላሱ ዝጎ ነበርና ቤቴ እየመጣ አብረን አቀናነው። ጽሑፍ አልያዘም፤ በቃሉ ነው ያጠናው። ከፈረንሳይኛ አንዲት ቃል የለበትም።»

«መጸጸታቸውን ሳይነግሩህ አልቀሩም፤ በምን ቋንቋ እንደሚናገሩት ግን እንዳልነገሩህ ውሸትህ ያሳብቃል» አለች ያንዴ ወደ ኢብራ ዞራ። «የደረጃው ግድግዳ ቀይ ኖራ የተቀባ ነው፤ ደረጃውም ጠባብ ነው። ሰው ተሸክሞ የወረደ ሁለቱንም ክንዱን ያሻሸዋል። ጀለቢያህ መታጠቢያ ቤት ተዘፍዝፏል። እጅጌዎቹ ላይ ያለው ቀይ ኖራ አልለቀቀም።»

ኢብራ ወደ በሩ አየ፤ ቁልፉ ያንዴ ኪስ ነው። ወደ መስኮቱ አየ፤ ማዕበሉ መዝጊያውን መታው። ተመልሶ ተቀመጠ።

«‹ተሳስተናል፣ ኢብራ› አሉኝ። ተሳስተናል! እሳቸው ይቅርታ ጠይቀው ያርፋሉ። እኔስ? ያስተማርኩት፣ የጻፍኩት፣ የተሾምኩት ሁሉ በሳቸው ቃል ነው። ምን ሊተርፈኝ ነው? እንዲተዉት ለመንኳቸው። ሳቁ። ገፋኋቸው። መግደል አልፈለግኩም።»

ያንዴ እጁን በካቴና አሰረች። ባሕሩ እስኪበርድ አራቱም እዚያው ሳሎን መቆየት ነበረባቸው።

«እማማ» አለ ኢብራ። «መጽሐፉ… እውነት ጥሩ ነው?»

ኡሊማታ ቀና አሉ። «አላነበብከውም?»

«ወሎፍኛ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም። ማን አስተማረኝ?»

«የመንደር ወሬ ነው ብለህ ስንቱን ተማሪ ፈተንክበት?»

ኢብራ ዓይኑን ወደ ካቴናው ዝቅ አደረገ።

«መጽሐፉን እስር ቤት እልክልሃለሁ» አሉ ኡሊማታ። «የሚያስነብብህ እዚያ አታጣም።»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና፣ ማፓቴ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።