ሊፍት ውስጥ አቤት ያልኩ ቀን

እኔ እንኳን በመንፈስ በህልምም የማላምን ሰው ነኝ፣ እናቴ ህልሟን ልትነግረኝ ስትጀምር ጫማዬን አጥልቄ እወጣ ነበር፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ ሳይሆን ስለሆነ ብቻ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ እንኖር ነበር። ልጄ ሊዲያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ባለቤቴ ሥራ ስለምትውል ዘጠኝ ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነኝ፣ አንድም ቀን አርፍጄባት አላውቅም። የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊፍት ስገባ ጎረቤታችን ሚስስ ሊን ነበሩ። የታይዋን ሰው ናቸው፣ አገራቸውን ጎብኝተው ከተመለሱ ሳምንታቸው ነው፣ ያሳጠቡትን ፎቶ ለሴት ልጃቸው ሊያሳዩ ይዘው እየወረዱ ነበር። ስምንተኛው ፎቅ ጋ ስንደርስ ሊፍቱ ተንገጫገጨና ቀጥ አለ።

ደወሉን ተጫንን፣ በሩን ደበደብን፣ ማን ይስማ! እኔ ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይ እሳቸው ሊያረጋጉኝ ፎቶዎቹን አወጡ። እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ አገር አይቼ አላውቅም፣ ደመና ውስጥ የሚገባ ቀይ ባቡር፣ በተራሮች መሃል የተኛ ሐይቅ፣ በገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ፣ ደግሞ ከእብነ በረድ ገደል የተፈለፈለ፣ ጣሪያው ውሃ የሚያንጠባጥብ ዋሻ።

"እዚህ ዋሻ ውስጥ" አሉኝ እንደኔው በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው፣ "አስጎብኚው፣ ሰውን በሙሉ ስሙ አትጥሩ አለን። ተራራው ይሰማል። ከተጠራህም ዝም ነው።"

ሳቄ መጣ። ሥራ ቦታ "ጌት" ነው የሚሉኝ፣ የግቢ በር ማለት ነው፣ ሙሉ ስሜን የሚያውቅ ተራራ ካለማ ይጥራኝ አልኳቸው። አልሳቁም።

ከዚያ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። ጠብ፣ ጠብ። ጣሪያውን ባይ ደረቅ ነው። ቅዝቃዜ ከእግሬ ጀመረኝ፣ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ መጣ፣ ሚስስ ሊን ፎቶዎቹን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ዘጠኝ ተኩል አልፏል፣ ልጄን እያሰብኩ ጨንቆኛል፣ በዚህ መሃል ከወለሉ ሥር፣ በጣም ከሩቅ፣ "ጌታቸው ወልደ ሰንበት!" የሚል ድምፅ መጣ። በጠራ አማርኛ! የሴት ይሁን የወንድ አልለየሁም።

እንግዲህ እኛ አገር ያደገ ሰው ሲጠራ አያስብም፣ አፉ ይቀድመዋል። "አቤት!" አልኩ።

ሚስስ ሊን በመዳፋቸው አፌን ያዙኝ፣ ግን ቃሉ ወጥቷል። ሊፍቱም ያኔውኑ መውረድ ጀመረ።

እየሮጥኩ ትምህርት ቤቱ ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ሊዲያ ቢሮ ውስጥ አኩርፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለችው አስተማሪ "ከዚህ ወንበር አልተነሳችም፣ አንዲት ቃልም አልተነፈሰችም" አለችኝ። ላቅፋት ስል ገፋችኝ።

"ዳዲ፣ ስጠራህ አቤት አልክ። ዋይ አልመጣህም?" አለችኝ እንግሊዝኛ በቀላቀለው አማርኛዋ።

"የት ሆነሽ ነው የጠራሽኝ?"

"ዳርክ ነው። ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።"

"ከዚያስ እንዴት ወጣሽ?" አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። "አልወጣሁም እኮ" አለች።

ሊዲያ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ያን ቀን አታስታውሰውም። እኔ ግን እሷ አጠገቤ ተቀምጣ እያወራችኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዳንዴ ስሜ በሙሉ ከሩቅ ይጠራል። ሚስስ ሊን እንዳሉኝ ዝም እላለሁ፣ ደግሞ የምትጠራኝ ያኔ ያልወጣችው ልጄ ብትሆንስ?