መጥፎውን ለእኔ መጀመሪያ

ነኬሳ ኪያሎን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ተኝቶ ነው።

ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ናይሮቢ ባለው ትልቅ አሳታሚ ድርጅት ስድስተኛ ፎቅ ላይ። በአርታኢነት ሦስት ዓመት የለፋችበትን የተረት መጽሐፍ ለስብሰባው ቆማ ስታስረዳ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ አዲሱ የሽያጭ ሠራተኛ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ያንቀላፋል። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

እሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! መጽሐፉን የጻፉት የዌቡዬ ከተማዋ ጡረተኛ መምህርት ማማ ናሊያካ ናቸው። ስምንት ተረት፣ በስዋሂሊ፣ ልጅ የሚያስቅ። ረቂቁ እጇ የገባ ዕለት ነኬሳ ማታቱ ታክሲ ውስጥ እያነበበች መውረጃዋን አልፋ ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ግን መከራ ሆነ። የሥርዓተ ትምህርት ክፍሉ የተረቱ ጅብ በጣም ክፉ ነው፣ ይለዝብ አለ። ለዘበ። የሥዕል ክፍሉ አሁን ውሻ መሰለ አለ። የሕግ ክፍሉ አንድ ፊርማ ጎደለ ብሎ አራት ወር አስቀመጠው። አለቃዋ ማዳም ጋቶኒ ደግሞ ባገኟት ቁጥር «መጀመሪያ የስድስተኛ ክፍሉን ሳይንስ ጨርሺ» ይሏታል። ሳይንሱ ለሰባተኛ ጊዜ ለእርማት ተመልሶ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል።

ከስብሰባው በኋላ ኪያሎ ሻይና ማንዳዚ የሚባለውን ብስኩት ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ከሰሜን፣ ከሎድዋር ሁለት ቀን ነድቶ፣ ቤቱ እንኳ ሳይደርስ ስብሰባ መግባቱን ነገራት።

«ተናደሽብኛል» አላት።

«አልተናደድኩም።»

«ማንዳዚውን እኮ ደቆስሽው።»

ወደ እጇ አየች። እውነትም ደቁሳዋለች። ሳትፈልግ ሳቀች።

እንዲህ ተጀመረ። ኪያሎ ወሩን ግማሽ በሰሜን ባሉ ትምህርት ቤቶች እየዞረ መጽሐፍ ያስተዋውቃል፤ ሲመለስ ቅዳሜ ቅዳሜ የተጠበሰ በቆሎ እየበሉ እግራቸው እስኪዝል ይሄዳሉ። እሱ ስለሚያገኛቸው መምህራን ያወራል። እሷ ስላልተፈረመው፣ ስለተመለሰው፣ ስለጠፋው ትማረራለች። የመጽሐፉን ናሙና ለመምህራን ላሳይልሽ ሲላት በደስታ ሰጠችው።

ሰኔ ላይ ማዳም ጋቶኒ ጠሯትና መጽሐፉ እንደማይታተም ነገሯት። የሽያጭ ሪፖርቱ አያዋጣም ይላል። ነኬሳ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። መምህራኑ ተረቶቹን ወደዋቸዋል፤ መጽሐፉ ግን ትልቅና ውድ ስለሆነ እንዲህ ከወጣ መጋዘን ውስጥ ይቀራል ይላል። ግርጌው ላይ የኪያሎ ስም አለ።

መኪና ማቆሚያው ጋ አገኘችው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቅዳሜ አብረን ስንውል ጽፈኸው ነበር?»

የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ።

«መልስልኝ እንጂ።»

«ጽፌዋለሁ። ልነግርሽ እልና ፊትሽን ሳይ... ፈራሁ።»

«ለወረቀቱ ደፍረህ እኔን ፈራህ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን አላነሳችም።

ለማማ ናሊያካ መንገር የእሷ ፈንታ ነበር። ሦስት ቀን አመነታች፤ በአራተኛው ደወለች። አሮጊቷ እስክትጨርስ ጠበቋት።

«መምህራኑ ምን አሉ፣ ልጄ?»

«ትልቅ ነው፣ ውድ ነው አሉ።»

«እኔስ ምን ብዬሽ ነበር? በትንንሹ ከፋፍላችሁ አትሙት፣ ልጅ ኪሱ ከቶት ይሂድ አላልኩሽም? ድርጅቱ የራሱ መጠን አለው ብለሽ መለስሽኝ።»

እውነትም ብላለች። ትዝ አላት። ማንም አይሰማኝም እያለች ስትማረር፣ እሷም ሰው አልሰማችም። ስልኩን ዘግታ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ኪያሎ የጻፈው እውነቱን ነው። ያቃጠላት ዝም ማለቱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ይቅር የሚባል ነው።

ማዳም ጋቶኒ ዘንድ ተመልሳ መጽሐፉ በአራት ትንንሽ መጻሕፍት ይከፈል ብላ ለመነች። ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ይታያል ተባለች። እንግዲያው የማሳተም መብቱ ለደራሲዋ ይመለስ አለች። ለማሳተም ሲሆን አራት ወር የፈጀው ፊርማ፣ መጽሐፉን ለማሰናበት ሲሆን በአንድ ከሰዓት ተገኘ!

ደብዳቤውን እንደያዘች ወደ መጋዘኑ ግቢ ወረደች። ኪያሎ ለጉዞ ካርቶን ይጭናል።

«ልክ ነበርክ» አለችው። «ግን ሁለተኛ እንዲህ አታድርገኝ። መጥፎ ነገር ሲኖር ለእኔ መጀመሪያ ንገረኝ።»

«ብትቆጪም?»

«ብቆጣም።»

ካርቶኑን አስቀመጠ። አቧራውን ከእጁ አራገፈ።

«እንግዲያው ልንገርሽ። ላገባሽ እፈልጋለሁ። መጥፎው ደግሞ... ድርጅቱ ባልና ሚስት አብረው እንዲሠሩ አይፈቅድም። አንዳችን መልቀቅ አለብን።»

ነኬሳ ቀና ብላ ስድስተኛውን ፎቅ አየች። ከዚያ እሱን አየችው። ድምፅዋ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎበት ነበር።

«ኪያሎዬ... መጥፎ የምትለው ይሄንን ነው?»

በታኅሣሥ ቡንጎማ ከተማ ተጋቡ። ነኬሳ ድርጅቱን ለቅቃ ኪሱሙ ከተማ ውስጥ አራት ሰው ብቻ የሚሠራበት አሳታሚ ቤት ገባች፤ የማማ ናሊያካ ተረቶችም እዚያው በአራት ቀጫጭን መጻሕፍት ወጡ። ኪያሎ ዛሬም ግማሽ ወሩን መንገድ ላይ ነው። አመሻሽ ላይ ሲደውልላት ድምፅዋን ይሰማና «ዛሬም አበሳጩሽ?» ይላታል።

«ተበሳጭቻለሁ» ትለዋለች። «ግን ራሴ በመረጥኩት መጽሐፍ ነው።»