የተሰነጠቀው ድቤ

«ድቤዬን አረዱት።»

ሸህ ሀሚዱ በስልክ ያሉት ይኼን ብቻ ነው። ኢንስፔክተር ዙሌይካ ሰው የሞተ መስሏት ከውጫሌ በባጃጅ ከነፈች።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ድቤው ፊታቸው አጎዛ ላይ አለ። ቆዳው ከዳር እስከ ዳር በቢላ ተሰንጥቋል። የአምባሰል ሰው ስንቱን በሽተኛ ተሸክሞ ወደዚህ ከበሮ አምጥቷል፤ ስንቱስ በእግሩ ተመልሷል። ዙሌይካ በሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች። እንዲህ ክው ብላ ግን አታውቅም።

«ፀሐይ ላሙቀው ብዬ ከጨርቁ ስፈታው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» አሉ። «ዛሬ ሐሙስ ነው፤ የወዳጃ ዱዓ አለብን። ሳጂዳን ምን ልበላት?»

ሳጂዳ ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ቃል ወጥቷት አያውቅም ነበር። ባለፈው ሐሙስ ዱዓው ደርቶ፣ ድቤው እየተመታ፣ ሸህ ሀሚዱ እንደ ደንቡ «ልጄ፣ ምን አገኘሽ?» ብለው ሲጠይቋት «እማ» አለች። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እናቷ ሂንድ መቋቋም አቅቷት ወጥታ ሄደች።

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

ሸሁ የሁለት ሰው ስም ጠሩ። አንዱ ጎረቤታቸው ሙዓዝ ነው፤ ከሳዑዲ ከመጣ ጀምሮ ከበሮ ሐራም ነው እያለ አፍ ይካፈታል። ሌላው ለሙዚየም የጥንት የሙዚቃ መሣሪያ የሚያሰባስበው ሙሉአለም ነው። ድቤውን ለምኖ ተከልክሏል።

ሁለቱም ተጠርተው መጡ።

«አንተ ነህ የቀደድከው?»

«ወላሂ እኔ ብሆን እነግርሽ ነበር» አለ ሙዓዝ። «በአደባባይ የምናገረውን ነገር ተደብቄ ምን አደርገዋለሁ?»

ሙሉአለም ድቤውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ እንዳይጠፋ ብዬ ነው የለመንኩት» አለ።

ዙሌይካ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ሲያገኙት የት ነበር?»

«ቦታው ላይ ተሰቅሎ። በጨርቁ ተጠቅልሎ።»

«ጨርቁስ?»

«ምንም አልነካው።»

የሚጠላው ሰው ቢሆን ቀዶ ይጥለው ነበር። የሚፈልገውም ይዞት ይሄዳል። ይህኛው ግን ፈትቶ፣ ሰንጥቆ፣ ባዶ መሬት እንዳይነካ መልሶ ጠቅልሎ ሰቅሎታል። እየቀደደውም ያከብረዋል።

«ከእርስዎ ሌላ የሚያወርደው ማነው?»

«ካዳሚዋ ናት። የምታገለግለን ሂን...» ሸሁ ስሙን ሳይጨርሱ አፋቸውን ያዙ።

ሂንድ ከጓዳ ተጠርታ ወጣች። ልጇ እንድትድንላት ስትል ያንን ቤት ስታገለግል ከርማለች።

«እትዬ ሂንድ፣ ያን ሐሙስ ለምን ወጡ?»

ሂንድ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አልካደችም።

«ገና ልጅ ነበረች። አልሄድም ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ዕድሜዋን አስጨምሬ የላክኋት እኔ ነኝ። ለአገሩ ሁሉ ግን ለምናኝ ሄደች አልኩ። 'እማ' ስትል የቀረውም እንደሚከተል ገባኝ። ተናግራ ከምትድን ዝም እንዳለች ትኑርልኝ አልኩ።»

ይህች ሴት የገዛ ልጇን መድኃኒት በቢላ ቀዳለች። ሙዓዝ እንኳ «አስተግፊሩላህ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሸህ ሀሚዱ ግን ክስ አልፈለጉም። «የቀደደችው ትወጥረው» አሉ።

ሂንድ የራሷን ፍየል አሳርዳ ቆዳውን ፍቃ ወጠረችው። ሙሉአለም አወጣጠሩን እያየ በስልኩ ቀረጸ። ቆዳው ደረቀና ሐሙስ መጣ። ዱዓው ሲደራ ሸሁ ድቤውን እየመቱ ጥያቄውን እንድትጠይቅ በአገጫቸው ሂንድን አመለከቱ።

ሂንድ ተንበረከከች።

«ልጄ፣ ምን አገኘሽ?»

ሳጂዳ ቀና ብላ አየቻት።

«እምቢ ብዬሽ ነበር፣ እማ» አለች።