ጥግ ላይ የቀሩት ድንጋዮች

ሴቢን ነጩን ድንጋይ ጥጉ ውስጥ አስቀመጠችና ዓይኗን ሳታነሳ የጨዋታውን ሰዓት ተጫነች። ጋራም ሰሌዳው ላይ አፈጠጠች። ይህን እርምጃ አይታው አታውቅም።

እስከዚያ ያለውን ግን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። የብርዱን ወራት ሙሉ፣ ድንጋይ በድንጋይ የሚከበብበት የባዱክ ጨዋታ ማሠልጠኛ ውስጥ ከሴቢን ጋር አብረው በሚያድሩበት ክፍል፣ ሞቃቱ ወለል ላይ በደረታቸው ተኝተው ያጠኑት አከፋፈት ነው። ሌላው ተጫዋች ጥግ ላይ ሲነካ ወደ ኋላ ሰብሰብ በሚልበት ቦታ፣ እነሱ ዘለው ይገባሉ። መምህር ቹ እንኳ አይተውት «ይሄ ደግሞ የምን ጉድ ነው?» ብለው ስቀው አልፈዋል።

«እርስ በርሳችን አንጫወተውም፣ እሺ?» ብላት ነበር ሴቢን። «ደሞ እዚህ ጋ ያልቃል፤ ከዚህ ወዲያ ምንም የለውም።»

ለካ ጓደኛ ተብዬዋ ብቻዋን ቀጥላበታለች።

የጋራም አንጀት አረረ። ዛሬ የተሸነፈች ወደ ታችኛው ምድብ ትወርዳለች። አባቷ ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል፤ ከወረደች ባዱክ ቀረ፣ ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ሞክፖ፣ ወደ ቤቷ።

አንድ ጥቁር ድንጋይ ጨመረች፤ ሴቢን ከፊት ቆመችባት። ሌላ ጨመረች፤ ከጎን ዘጋችባት። በሸሸች ቁጥር የሚከበቡት ድንጋዮቿ በዙ። ላብ አጠመቃት። ተነሥቶ መሄድ የለም፣ መጮህ የለም።

ቀና ስትል የሴቢን ጆሮዎች ቲማቲም መስለዋል። እሷም እኮ ከተሸነፈች ትወርዳለች። ጋራም አዘነችላት፤ ማዘኗ ደግሞ ይብስ አናደዳት። ለምን ዋሸሽኝ ልትላት ፈለገች። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ ተጫዋቾች አብረው ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀምረው ይደግሙታል፤ ደንብ ነው። ያኔ ትጠይቃታለች።

አሁን ግን እነዚህን የጥግ ድንጋዮች አድናለሁ ስትል ሰሌዳውን ሁሉ ልታጣ ነው።

ወደ ጥጉ የዘረጋችውን እጇን መለሰች። ድንጋዩን ወዲያ ማዶ፣ ገና ማንም ያልነካው ወገን ላይ ቀጭ አድርጋ አስቀመጠችው።

«አታድኛቸውም እንዴ?» አለች ሴቢን፣ ማውራት ክልክል መሆኑን ረስታ።

«ውሰጃቸው» አለች ጋራም፤ ሰዓቱንም ተጫነች።

ሴቢን እጇን የድንጋዮቿ ሳህን ውስጥ ከትታ ቀረች። ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር።