መስኮት ላይ የዋሉት ብልቃጦች

በ፲፱፻፰ ዓመተ ምሕረት፣ ወንዙ ጎድሎ ዳርቻው በተገለጠበት ወር፣ በሕክምና ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት አንዲት የላቦራቶሪ ረዳት አርባ ብልቃጥ ቀንድ አውጣ ይዛ ፍርዷን ትጠብቅ ነበር። ቀዛፊው ወንድሟ ደም መሽናት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሐኪሙም ሰፈሩም «የብልግናው ዋጋ ነው» ብለው ስሙን አጥፍተውት፣ እጮኛው እንኳ ቀለበቱን መልሳለታለች። እሷ ግን ከሽንቱ ውስጥ የትል እንቁላል በዓይኗ አይታለች፤ የሩቅ አገር ሊቃውንትም ትሉን ቀንድ አውጣ ተሸክሞ ውኃ ውስጥ እንደሚለቀው፣ ከዚያም በሰው ቆዳ እንደሚገባ ጽፈው፣ መልኩን ሥለው ልከዋል። የዚህን ወንዝ ቀንድ አውጣ የመረመረ ግን አልነበረም።

ሊቀ መምህራኑ የተከበሩ፣ ነገር ግን ደረቅ ሰው ነበሩ፤ «ናሙና በጨለማ ይቀመጣል» የሚለውን ሕጋቸውን የሚጥስ ገና አልተወለደም። ብልቃጦቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተዘግቶባቸው ከረሙ፤ ውኃቸውን በየማለዳው በአጉሊ መነጽር ብታየው ባዶ ነው።

«ልጄ፣ ነገ ከቀትር በኋላ የመምህራን ጉባኤው ይቀመጣል» አሏት፤ «ትሉ ከወንዛችን ቀንድ አውጣ እንደሚወጣ ማስረጃ ካለሽ መምህርት ትሆኛለሽ፤ ከሌለሽ ቀንድ አውጣዎቹ ይደፋሉ፤ አንቺም ወደ ቤትሽ።»

«እሺ፣ ጌታዬ» አለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስትገባ፣ ዕቃ አጣቢዋ እትዬ ቁም ሳጥኑን ለታጠበ ብርጭቆ ፈልገውት፣ ብልቃጦቹን መስኮት ላይ ደርድረዋቸው አገኘች።

«እትዬ! ምን ነካዎት? ፀሐይ ላይ!»

«ምነው፣ እነሱስ ፍጥረት አይደሉ? ታስሮ የሚፋፋ የት አየሽ?» አሉ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ።

ቁርጧን ልታውቅ አንዲት ጠብታ ቀዳች። ዓይኗን አጉሊ መነጽሩ ላይ ብታሳርፍ ውኃው ሕይወት ሆኗል፤ ጅራታቸው እንደ ባላ የተሰነጠቀ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ የሆኑ ደቂቅ ፍጥረታት ይርመሰመሳሉ። ለካ ቀንድ አውጣው የሚለቃቸው ብርሃን ሲያገኘው ኖሯል፤ ሰው ለመታጠብ ወንዝ በሚወርድበት በዚያው ሰዓት! ይህን ሁሉ ጥበብ አንዲት ጠብታ ውስጥ ማን ሸሸገው?

ከቀትር በኋላ ዘጠኙ የጉባኤ አባላት ተራ በተራ አጎንብሰው አዩ። ሊቀ መምህራኑ መጨረሻ ላይ አይተው ቀና አሉ።

«ሠላሳ ዓመት» አሉ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጨለማ አስቀመጥኩ።»

ወንድሟም ተጠርቶ አየ።

«ይሄ ነው እንግዲህ? ይሄ ሚጢጢ ነው እንደዚያ ያዋረደኝ?» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰ።

የትምህርት ቤቱ መዝገብ የመምህርቲቱን የሹመት ቀን ጽፏል፤ ወንድሟንም «ታማሚ ቁጥር አንድ፣ ቀዛፊ» ይለዋል። የሚያድነው መድኃኒት የደረሰው እሱ ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በቀብሩ ዕለት ግን አስከሬኑን የተሸከሙት እነዚያው ስሙን ያጠፉት ጎረቤቶች ነበሩ፤ «ውኃው ነው የገደለው፤ ልጁስ ነውር አልነበረበትም» እየተባባሉ ሸኙት፤ ይህን የጻፈ መዝገብ ግን የለም።