የቲቸር ኮኪላ መዝሙሮች

ዳውንሎዱ ስልሳ አንድ ፐርሰንት ላይ እንደገና ቆመ። ሥርጉት ግንባሯን ኪቦርዱ ላይ ደፋች። ከትምህርት ቤት መልስ በወንድሟ በይታገሱ ሙዚቃና ፎቶ ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ ይሄ አራተኛ ቀኗ ነው። የፍኖተ ሰላም ኔትወርክ ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ ማንንም አያስፈቅድም።

«አሁንም የህንዱን?» አለ ይታገሱ በሩ ላይ ቆሞ።

«የህንዱን።»

«አቦ ተይው! ዓይንሽ ደም መስሏል እኮ። ነገ ፈተና የለሽም?»

አላት፤ ባዮሎጂ። ደብተሯን ግን ከቦርሳዋ አላወጣችውም።

ነገሩ የጀመረው ጾሙ የገባ ሰሞን ነው። ያን ሰሞን ሰዉ ሁሉ የስልኩን ሚሞሪ ይዞ ይመጣል፤ ዘፈኑ ተጠርጎ ይወጣና በገና ይጫንበታል። ሥርጉት በአንድ ከሰዓት ብቻ ሃያ ምናምን ሚሞሪ ስታጠፋ ዋለች። ከመሃላቸው አንዱ የቲቸር ኮኪላ ነበር፤ እነሥርጉት ግቢ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩት፣ ኮሌጅ ሒሳብ የሚያስተምሩት ህንዳዊት። እሳቸው የጠየቁት ከአገራቸው የተላከላቸው ፎቶ እንዲጨመርላቸው ብቻ ነው። እሷ ግን አንዱን ፋይል ከፍታ ከበሮና ጡሩንባ ሲደበላለቅ ሰማችና «የፊልም ዘፈን ነው» አለች። ቲቸር ዓመቱን ሙሉ ሥጋ አይቀምሱም፤ እናቷ እህተ ማርያም እንኳ «እኒህ ሴትዮ ከእኛ ይበልጥ ጾመኛ ናቸው» ትላለች። እንዲህ ያለ ጾመኛ በጾም ዘፈን ምን ያደርግለታል? ማንም ሳያዛት ጠረገችውና በገና ጫነችበት። ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር፣ ወይ ጉድ!

በማግስቱ ቲቸር ኮኪላ ሚሞሪውን ይዘው ተመለሱ።

«የእኔ ጸሎት የለም» አሉ። «መዝሙር ነበር። በታሚል፣ በእኔ ቋንቋ።»

ሥርጉት ቶሎ ብላ ዋሸች። «ሚሞሪው ተበላሽቶ ነው፣ ቲቸር። ባዶ እንዳይሆንብዎት ብዬ ነው በገና የጫንኩበት።»

ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡ። «ከስልክ ሳወጣ እጄ እርጥብ ነበር» አሉ። «እኔ አበላሸሁ። ይቅርታ፣ አስቸገርኩሽ።» ሥርጉት «እስቲ ልሞክረው» ብላ ሚሞሪውን ተቀበለቻቸው።

ያጠፋችው እሷ፣ ይቅርታ የተጠየቀችውም እሷ። እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ዝም አለ። የእሷንና የቲቸርን ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። የኪዳን ደወል ቀስቅሷት ስትገላበጥ፣ ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት ከቲቸር ስልክ ውስጥ በቀስታ ስትዘምር ትሰማ ነበር። ሦስት ዓመት ሰምታው ልብ ብላው አታውቅም። አሁን ግን ዝምታው ይቀሰቅሳታል።

የመዝሙሩን ርዕስ ቲቸርን መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ዓይናቸውን ማየት አቃታት እንጂ። የታሚልን ፊደል አታነብም። ስለዚህ ቲቸር ክፍል የተሰቀለውን የአምላካቸውን ሥዕል እያስታወሰች በሥዕል ትፈልጋለች፤ ጦር የያዘ ወጣት፣ አጠገቡ ጣዎስ። ጣዎስ ያለበትን ሁሉ ታወርዳለች፣ ታዳምጣለች፣ ትሰርዛለች። ሰለቻት። ጣዎስ የሚባል ወፍ ባይፈጠር ብላ ተመኘች።

ኔትወርኩ ተመለሰ። መቶ ሞላ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እንደተሰላቸች ከፈተችው።

ቀና አለች። አንዲት ሴት በቀስታ ትዘምራለች። ሥርጉት ቃሉን አታውቀውም፤ ዜማውን ግን ሴትዮዋን እየቀደመች ማንጎራጎር ጀመረች። እንባዋ መጣ።

«አገኘሽው?» አለ ይታገሱ። «በቃ! ‹ከተበላሸው ላይ አወጣሁልዎት› በያቸው። ጀግና ትባያለሽ።»

ሐሳቡ ደስ አላት። ደክሟታል፤ ጀግና መባል ደግሞ አይከብድም። መዝሙሩን ሚሞሪው ላይ ጭና የምትለውን ቃል በቃል እያጠናች ወደ ቤት ሄደች።

ቲቸር ኮኪላ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው የተማሪ ፈተና ያርማሉ። ሚሞሪውን እጇ ላይ ሲያዩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«አገኘሽ?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው ደረቅ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከመዘርጋታቸው በፊት በነጠላቸው ሁለት ጊዜ ጠርገውታል።

ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። አሁን ከሰጠቻቸው ምስጋናው ይቀድማል፤ ከተመሰገነች በኋላ ደግሞ አትናገረውም፤ ራሷን ታውቃለች። ጣቶቿን ሚሞሪው ላይ አጠፈች።

«የእርስዎ እጅ አይደለም፣ ቲቸር» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»