በውሃ የሄደው አንበሳ

የዘርአል ንጉሥ አዝማሪዎች የማዕዶትን ጀግንነት ሲያዜሙ አንድም ቀን እኔን የጠየቀኝ የለም። «ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ምን ታውቃለች» አሉ። የእነሱ ፊደል ግን ጎሽሜን ረስቶታል። ጎሽሜ የልጅ ልጄ ነው። እንግዲህ ዝም ብላችሁ ስሙ።

የዘርአል አምባዎች የፀሐይ ብርሃን ሥሩ በማይደርስበት ገደል የተለያዩ ናቸው። የልጆች ማኅበር ግን ገደል አያውቅም ነበር። በየአምባው አደባባይ የነሐስ ገንዳ አለ፤ ልጆች ሲከቡት የሌላው አምባ ልጆች ፊት በውሃው ላይ ይወጣል። የብራና መጫወቻ ካርታቸውን ውሃው ላይ ሲያኖሩ የተሣለበት አውሬ አውራ ጣት አክሎ ይነሣና ይዋጋል። ካርታ መለዋወጥም ይችላሉ። ሁለቱም እርጥብ ጣታቸውን አሳርፈው «ከልቤ ነው» ካሉ አለቀ፤ በውሃ የሄደ በውሃ አይመለስም።

የአምባ ጠባቂ አውሬም በካርታ ውስጥ ነው የሚኖረው። የእኛ የሰረብ አምባ ጥላ አንበሳ በማኅበሩ ትንሹ ልጅ እጅ ይቀመጥ ነበር፤ ትንሽ ልጅ የወደደውን አይለውጥምና። በዚያ ዓመት ትንሹ ሊቃኖስ ነበረ። ትኩሳት ሲጥለው ካርታውን ለማኅበሩ ልጅ ለማዕዶት አደራ ሰጣት።

አንድ ጠዋት የገንዳው ውሃ እንደ ደም ቀላ። ከበራችን ላይ የጠባቂያችን አምሳል የሆነው የድንጋይ አንበሳ ጠፍቶ ባዶ መደቡ ቀረ። አንበሳው ያግደው የነበረው የገደሉ የሞት ጉም በሩን አልፎ ገባ፤ አስቀድሞም የታመመውን ሊቃኖስን ያዘው። እስትንፋሱ በረደ። ጉሙ ልቡ ዘንድ ሳይደርስ አንበሳው ካልተመለሰ ልጁ አይነሣም።

ማዕዶት ከሕዝቡ መካከል ወጥታ፣ «አንበሳው ያለው ከገደሉ ሥር፣ በገንዳው ውሃ ላይ በሚታየን በዶርሻ እጅ ነው። እኔ እሄዳለሁ» አለች።

የአምባው አለቃ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ፣ «ሐሰት የማያውቅ አፍሽ መንገድሽን ያቅናልሽ» ብሎ መረቃት። ቀና ብላ አላየችውም። ሰዉ ትሕትና መሰለው።

ጎሽሜ ተከተላት፤ ማንም አልላከውም። በገደሉ ወገብ ላይ ዐይን የሌላቸው የጉም ተኩላዎች ከበቧቸው። በወንጭፍ መለሳቸው፤ ክንዱን ግን ተነከሰ።

«ይህን ሁሉ ለእኔ አታድርግ» አለችው።

«ለአንቺ ማን አደረገ? ለአንበሳው ነው። በሶውን ብዪ ይልቅ።»

«አልወርድ አለኝ።»

«የሰረቀ ዶርሻ፣ የምታለቅሺው አንቺ» አለና ድርሻዋን በላላት።

ዶርሻ በውሃው ላይ ጥርሱ የወለቀ ሕፃን ይመስል ነበር። በዋሻው ያገኙት ግን ጢሙ መሬት የሚጠርግ ጠንቋይ ነው፤ የሕፃኑ ፊት ጭንብል ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በዙሪያውም የየአምባው ጠባቂዎች በካርታቸው ውስጥ ያቃስታሉ።

«ሌባ፣ አንበሳችንን መልስ» አለው ጎሽሜ።

ጠንቋዩ ሳቀ። «ሌባስ አይደለሁም። ነበልባል ጆፌ አሞራዬን ሰጥቼ ለወጥኩ። ጠይቃት።»

ጎሽሜ ዞሮ አያት። ማዕዶት የጆፌውን ካርታ ከብብቷ አወጣች። «ጆፌው አማረኝ፤ ሊቃኖስ ሳይድን አንበሳውን በጨዋታ አሸንፌ የምመልሰው መስሎኝ ነበር» አለች። ወደ ዶርሻም ዞራ፣ «እኔን ውሰደኝ፤ አንበሳውን ልቀቅ» አለችው።

«የሰው አደራ የለወጠ እጅ በማኅበራችሁ ሕግ ሁለተኛ አይለውጥም። ይህ ልጅ ግን ይችላል። አውሬ ሞልቶኛል፤ በፈቃዱ የገባ ልጅ የለኝም።»

ጎሽሜ ወደ ማዕዶት ዞረ። «ለካ ለዚህ ነው በሶው ያልወረደልሽ» አላት።

«አዎ።»

ጎሽሜም እርጥብ ጣቱን ባዶ ብራና ላይ አሳረፈ። «እኔ ጎሽሜ፣ ስለ ሊቃኖስ እስትንፋስና ስለ ሰረብ አምባ፣ ራሴን በአንበሳው ለወጥኩ። ከልቤ ነው።»

ዶርሻም ጣቱን አሳርፎ «ከልቤ ነው» አለ። ያን ጊዜ ጥላ አንበሳው ተራራ አክሎ ተነሣ። ሲያገሣ ዋሻው ተሰነጠቀ፤ ዶርሻ ከነጭንብሉ ተቀበረ፤ የአምባዎቹ ጠባቂዎችም እንደ ንሥር ወደየቤታቸው በረሩ። ጎሽሜ ግን በፈቃዱ የገባ ነውና አልወጣም። ማዕዶት ብራናው ላይ ተሥሎ ሲስቅ አገኘችው።

ጉሙ ሸሸ፤ ሊቃኖስ ተነሥቶ ምግብ ጠየቀ። ንጉሡ ለማዕዶት አክሊል ሰጣት፤ ዘፈኑ ተዘፈነ። እሷ እውነቱን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ በአንገቷ ድንጋይ ተሸክማ ደጄ ላይ ትንበረከካለች።

ዛሬ ሰለቸኝ። «ድንጋዩን አውርጂው» አልኳት። «አንገትሽ ቢሰበር ለእኔ ምን ይረባኛል? ልጄን የት አደረግሽው?»

«በሣጥን ነው፣ እማማ። በሐር ጠቅልዬ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።»

«ጎሽሜ ሐር ለብሶ ያውቃል? እሱን የሚገድለው ዝምታ ነው። ተነሺ። ገንዳው ዘንድ ሄደሽ የየአምባውን ልጆች ሰብስቢ። ያደረግሽውን በራስሽ አፍ ንገሪያቸው፤ አዝማሪዎቹም ይስሙ። ከዚያ ልጄን ውሃው ላይ አኑሪው፤ ይነሣ፣ ይዋጋ፣ ይሳደብ። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። ለማንም እንዳትለውጪው፤ ደግሞ እንዳትሸነፊበት።»